ጠበቃዎ የፈረመውን የፍርድ ቤት እርቅ መቃወም፦ ከውክልናው ወረቀት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ በሯ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየችው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። የአፈጻጸም መጥሪያ ነበር። እሷ ክርክሩ ገና ያለ መስሏት ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። ለካ ጠበቃዋ ከወንድሞቿ ጠበቃ ጋር ታርቆ፣ ስምምነቱ ችሎት ቀርቦ፣ ጸድቆ፣ መዝገቡ ከተዘጋ 38 ቀን ሆኖታል። በውርስ ቤቱ ላይ ያላትን ድርሻ ለቃ በምትኩ ገንዘብ ትቀበላለች ይላል። ብር መጠኑን ስታነብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት በከንቱ አጠፋናቸው። ጠበቃውን ፍለጋ ቢሮው ተመላለስን። ለቀበሌ ሽማግሌዎች ነገርን። "ግፍ ነው" የሚል ረጅም ደብዳቤ ጻፍን። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላስጨረሱንም። "እናቴ፣ ውክልናው የት አለ?" ነበር ያሉት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያች ጥያቄ ስል ነው። ብዙ ሰው በጠበቃው እርቅ ሲጎዳ "ስምምነቱ ፍትሐዊ አይደለም" ብሎ ይጀምራል። ይህ ደካማው ክርክር ነው። ጠንካራው "ጠበቃው ይህን የመፈረም ሥልጣን ነበረው ወይ?" የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክርን የሚመለከት ነው።

1. ዛሬውኑ ቀን ይቁጠሩ

እርቁ በችሎት የጸደቀበትን ቀን ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ያንን ቀን ያወቁበትን ቀንም ከጎኑ ይጻፉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው። ሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) ለመሄድ 90 ቀን አለ። በቁጥር 6 እንደገና ይታይልኝ ለማለት ደግሞ አዲሱን ነገር ካወቁበት ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው ያለዎት። ውል ይፍረስልኝ ለማለት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1810 ሁለት ዓመት ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘናጋል። አይዘናጉ። በችሎት የጸደቀ እርቅ የአፈጻጸም መዝገብ ሊከፈትበት ይችላል፤ ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

አንድ መራራ ነገር እዚህ ላይ ልንገርዎ። "ቀኑ ያለፈኝ ጠበቃዬ ስላልነገረኝ ነው" የሚለው ምክንያት ለይግባኝ ማስፈቀጃ አያገለግልም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 የጠበቃ ወይም የወኪል ጉድለት እንደ በቂ ምክንያት እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ስለዚህ ቀን ካለዎት በቀኑ ይጠቀሙ። እኛ አዛውንቱ ጋ ስንደርስ ስምንት ቀን ቀርቶን ነበር።

2. መዝገቡን አውጥተው በዓይንዎ ያንብቡ

መዝገብ ቤት ሄደው በመዝገብ ቁጥሩ ሙሉ ግልባጭ ይጠይቁ። "ትዕዛዙን ብቻ ስጡኝ" አይበሉ። የሚያስፈልጉዎት ስምምነቱ ራሱ፣ ያጸደቀው ትዕዛዝ፣ በዚያ ቀን የተያዘው የችሎት መዝገብ እና ከክሱ ጋር የተያያዘው የጠበቃው ውክልና ናቸው። ሁሉም ላይ ማህተም ይኑር። ችሎቱ በድምጽ ተቀድቶ ከሆነ የዚያን ቀን ቅጂም በአቤቱታ ይጠይቁ። ጠበቃው ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ዳኛው "ደንበኛህ ያውቃሉ ወይ?" ብለው ጠይቀው እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው።

ሲያነቡ መጀመሪያ ፊርማውን ይመልከቱ። የፈረመው ጠበቃው ብቻ ነው? ወይስ በእርስዎ ስም የተደረገ ፊርማም አለ? የእርስዎ ያልሆነ ፊርማ ካለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ቀጥሎ ስምምነቱ የት እንደተደረገ ይዩ። በችሎት ፊት የተደረገ ነው፣ ውጭ ተጽፎ ለማጽደቅ የቀረበ ነው፣ ወይስ ውጭ ታርቀው "ክሱን አንስተናል" ብቻ ተብሎ መዝገቡ የተዘጋ ነው? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 እነዚህን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። የሚሄዱበትም መንገድ በዚህ ይለያያል። በፍርድ ቤቱ የማስማማት ማዕከል ያለቀ ከሆነም እዚያ የተያዘውን ቃለ ጉባኤ ያክሉበት።

3. ውክልናውን በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ረጋ ብለው ይከተሉኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልናን በሁለት ይከፍላል። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ንብረት መጠበቅ የመሳሰለውን። ከዚያ ያለፈ ነገር ለማድረግ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን የሚጠይቁ ተግባሮችን ይዘረዝራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ አለበት። ስጦታ መስጠት አለበት። በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር አለበት። መታረቅም አለበት።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አስተያይተው ይዩዋቸው። ሕጉ "መከራከር" እና "መታረቅ"ን ለየብቻ ነው የጻፋቸው። ስለዚህ ውክልናው "ክስ እንዲያቀርብልኝ፣ መልስ እንዲሰጥልኝ፣ እንዲከራከርልኝ፣ ይግባኝ እንዲጠይቅልኝ" ብሎ ካቆመ፣ ጠበቃው መከራከር እንጂ መታረቅ አልተፈቀደለትም። ተቃራኒው ወገን "እርቅ የክርክር ተፈጥሯዊ ውጤት ነው፤ ቁጥር 2206 ለጉዳዩ አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ ይፈቅዳል" ሊል ይችላል። መልስዎ አጭር ነው፦ ውጤቱ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ለብቻው አይዘረዝረውም ነበር።

የአክስቴ ውክልና እንዲህ ያለ ነበር። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ሦስት ጊዜ አነበቡት። "እንዲታረቅ" የሚል ቃል የለም።

የእርስዎስ? ብዙዎቻችን ውልና ማስረጃ ስንሄድ ወረፋው እንዳያመልጠን እንጂ የምንፈርመውን አናነብም። በተለመደው ቅጽ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ "እንዲታረቁልኝ፣ እንዲስማሙልኝ" የሚሉ ቃላት መሐል ላይ ተሰክተው ይገኛሉ። እነዚህ ካሉ የሥልጣን ክርክሩ ይከብዳል። ያኔ ወደ ሌላው ምክንያት ይሻገራሉ። ግን ቃሉ አለ ብለው ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። እነዚህን ይመርምሩ፦

ውክልናው የተሰጠው ለየትኛው ጉዳይ ነው? ለአንድ መዝገብ የተሰጠ ሆኖ ጠበቃው በሌላ ንብረት ላይ ታርቆበት ሊሆን ይችላል። ገደብ አለው? "ከዚህ ብር በታች እንዳይስማማ" የሚል ነገር ተጽፏል? እርቁ በተፈረመበት ቀን ውክልናው ተሽሮ ነበር? ደግሞም ሰንሰለቱን ይከተሉ። ለወንድምዎ ውክልና ሰጥተው ወንድምዎ ጠበቃ ቀጥሮ ከሆነ ሁለት ወረቀት አለ ማለት ነው። ወንድምዎ እርሱ ራሱ ያልነበረውን ሥልጣን ለጠበቃው ሊሰጠው አይችልም።

4. ዝም አይበሉ፤ ገንዘቡንም አይንኩ

ወኪል ከሥልጣኑ ውጪ ከፈረመ፣ ወካዩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ማጽደቅ ወይም አልቀበልም ማለት። ሕጉ ይህን ከቁጥር 2190 ጀምሮ ያስቀምጣል። ችግሩ፣ ማጽደቅ በወረቀት ብቻ አይደለም። በእርቁ መሠረት የገባልዎትን ገንዘብ አውጥተው ከተጠቀሙ፣ ለጠበቃው በቴሌግራም "እሺ፣ ምን ይደረግ፣ ይሁን" ብለው ከጻፉ፣ ወይም አውቀው ወራት ዝም ካሉ፣ ተቃራኒው ወገን "አጽድቀዋል" ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ባወቁ በቀናት ውስጥ በጽሑፍ "ይህን ስምምነት አልፈቀድኩም፣ አልቀበለውም" ብለው ለጠበቃው፣ ለተቃራኒው ወገንና ለፍርድ ቤቱ ያስገቡ። የደረሰበትን ማስረጃ ይያዙ። በሬጅስትራር በኩል ካስገቡ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ ማህተም ያስመቱ።

አክስቴ ሂሳብ ላይ የመጀመሪያው ክፍያ ገብቶ ነበር። አልነካችውም። አዛውንቱ ገንዘቡ በሞዴል 85 (ፍርድ ቤት ገንዘብ በአደራ ሲቀበል በሚቆርጠው ደረሰኝ) ፍርድ ቤት እንዲቀመጥ አቤቱታ አስገቡላት። በኋላ ላይ ከሁሉም የጠቀማት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። የምትናገረውን ብቻ ሳይሆን የምታደርገውንም ዳኛው አየላት።

በዚያው ሰሞን ውክልናውን ይሻሩ። ውልና ማስረጃ ሄደው መሻሪያውን ያስመዝግቡ፤ ቅጂውን ለጠበቃው፣ ለሌላው ወገንና ለመዝገቡ ይስጡ። ሽረው ለማንም ካላሳወቁ ቁጥር 2195 ይመጣብዎታል። ውክልናው አሁንም እንዳለ ለመሰላቸው ሦስተኛ ወገኖች እርስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ።

5. ሥልጣን ነበረው ከተባለ፣ ምን ምክንያት ይቀራል?

እርቅ በሕጋችን ከተራ ውል ይጠነክራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ይናገራል። የታረቁበትን መብት በተመለከተ ተሳስቼ ነበር ማለትም አይፈቅድም። "ቤቱ ይህን ያህል እንደሚያወጣ አላወቅኩም"፣ "ብከራከር አሸንፍ ነበር"፣ "ተቻኮልኩ" የሚሉት ቃላት እውነት ቢሆኑም እርቅ አያፈርሱም።

የሚያፈርሱት ሌሎች ናቸው። እርቁ የተመሠረተበት ሰነድ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ። ክርክሩ ቀድሞ በመጨረሻ ፍርድ አልቆ ኖሮ እርስዎ ሳያውቁ ታርቀው ከሆነ። የስምምነቱ ዓላማ ሕገወጥ ከሆነ። ለምሳሌ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገጠር መሬት ሽያጭን በእርቅ ልብስ አልብሶ ማስጸደቅ አይቻልም። ይህ ሲከሰት ዳኛው ራሳቸው ማስቆም ነበረባቸው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ እርቅ ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑ እንዲታይ ይጠይቃልና።

ማታለልና ማስገደድም አሉ። ግን ማን አታለለ? የራስዎ ጠበቃ ዋሽቶዎት ከሆነ፣ በሌላው ወገን ላይ ለማንሳት ያ ወገን ማታለሉን ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበረ፣ ተጠቃሚም እንደሆነ ማሳየት አለብዎት። "ካልፈረምክ ትሸነፋለህ" ብሎ ማስፈራራት ብቻውን ማስገደድ አይደለም። የጠበቃ ምክር ነው፤ መጥፎ ምክር ቢሆንም።

የጥቅም ግጭት ግን ትልቅ በር ነው። ጠበቃው ለሁለቱም ወገን ሲሠራ ነበር? ከተቃራኒው ወገን ገንዘብ ተቀብሏል? ዘመዱ ነው? ቁጥር 2187 ወኪሉ ከወካዩ ጥቅም ጋር እየተጋጨ ያደረገውን ውል፣ ሌላው ወገን ይህን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ወካዩ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ነገሩን ባወቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉን እንደሚያፈርሱ ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል። እዚህ ላይ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ የባንክ ዝውውር፣ የስልክ መልእክት፣ ያየ ሰው። "ሳይገዙት አይቀርም" የሚለው ጥርጣሬ ችሎት ውስጥ ከበር አያልፍም፤ በራስዎ ላይም የስም ማጥፋት ክስ ሊያመጣ ይችላል።

ፊርማዎ ተመስሎ ተፈርሞ ከሆነ ለፖሊስ ያመልክቱ። ፍርድ ቤቱም ፊርማው በፌዴራል ፖሊስ በኩል በፎረንሲክ እንዲመረመር እንዲያዝ ይጠይቁ። ለንጽጽር የሚሆኑ የቆዩ ፊርማዎችን ይሰብስቡ፤ የባንክ፣ የመሥሪያ ቤት፣ የቀድሞ ውክልና።

የፍቺ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ንብረቱ ላይ የተደረገው ስምምነት ከላይ ባለው ይዳኛል። የልጅ አስተዳደግና ቀለብ ግን መቼም በር አይዘጋባቸውም። ሁኔታ ሲለወጥ የልጁን ጥቅም አንስተው እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ እርቁን ማፍረስ አያስፈልግዎትም።

6. በየትኛው በር ይገባሉ?

ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚበላሸው በተሳሳተ በር ስለሚገባ ነው።

ሥልጣን የለሽነቱ ከመዝገቡ ላይ የሚታይ ከሆነ፣ ማለትም ውክልናው ፋይሉ ውስጥ እያለ ፍርድ ቤቱ ሳያጣራ አጽድቆ ከሆነ፣ ስህተቱ የፍርድ ቤቱም ነው። ይህ በ60 ቀን ውስጥ የይግባኝ ነገር ነው። "እርቅ ይግባኝ የለውም" ብለው ይቃወሙዎታል። የእርስዎ መልስ፦ ያ የሚባለው ለታረቀ ሰው ነው፤ እኔ አልታረቅኩም፣ የታረቀልኝም ሥልጣን የለውም። እኛ የሄድነው በዚህ ነው። በ57ኛው ቀን ልደታ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆመን የዳኝነት ከፍለናል።

ማጭበርበሩ፣ ሐሰተኛው ሰነድ ወይም ጉቦው የታወቀው ከጸደቀ በኋላ ከሆነ ወደ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ይሂዱ። አቤቱታው የሚቀርበው ላጸደቀው ፍርድ ቤት ራሱ ነው። ሁለት ነገር ማሳየት አለብዎት። አንደኛ፣ ተገቢውን ጥረት አድርገውም ያኔ ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ሁለተኛ፣ ያኔ ቢታወቅ ኖሮ ውጤቱን ይለውጠው ነበር። ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይግባኝ ብለው ከነበረ ይህ በር ሊዘጋ ይችላል፣ በዚህ አቤቱታ ላይ በተሰጠ ውሳኔም ይግባኝ የለም።

እርስዎ በመዝገቡ ተከራካሪ ካልነበሩ፣ ለምሳሌ ባልዎ የጋራ ቤታችሁን በእርቅ አስረክቦ እርስዎ ጭራሽ ካልተጠሩ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 የተቀመጠው የመቃወም አቤቱታ አለ። መቅረብ ያለበት ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው።

እርቁ ውጭ ተደርጎ ክሱ ብቻ ተነስቶ ከሆነ የጸደቀ ነገር የለም። በእጅዎ ያለው ውል ነው። ውሉ እንዲፈርስ አዲስ ክስ ይመሠርታሉ።

በይግባኝ ያልተሳካ ነገር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ሰበር አለ። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል። ስለዚህ አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት በታተሙት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች ውስጥ ውክልናና እርቅ የሚሉትን ማውጫዎች ማገላበጥ ዋጋ አለው። ለእርስዎ የሚሆን አንድ ውሳኔ ከአሥር ገጽ ምሬት ይበልጣል።

7. አፈጻጸሙን ያስቁሙ

ይግባኝ ማለት በራሱ አፈጻጸምን አያቆምም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ይግባኙን ባስገቡ ቀን አፈጻጸሙ እንዲታገድ የሚጠይቅ የተለየ አቤቱታ ከቃለ መሐላ ጋር ያስገቡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 332 ለዚህ ነው የተጻፈው። ሦስት ነገር ግልጽ ያድርጉ፤ ካልታገደ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል፣ እርስዎ ሳይዘገዩ ነው የመጡት፣ ዋስትና ከተጠየቀም ያቀርባሉ። እግዱ ሲሰጥ ትዕዛዙን ራስዎ ይዘው አፈጻጸም ችሎት ያድርሱት። ይደርሳል ብለው ቤት አይቀመጡ።

8. አቤቱታው ምን ይበል?

ይግባኝ ሰሚው መጀመሪያ የሚያየው የእርስዎን ወረቀት ብቻ ነው። "አያስቀርብም" ካለ ሌላው ወገን ሳይጠራ እዚያው ያልቃል። "ያስቀርባል" ከተባለ ነው መልስ ሰጪው መጥሪያ የሚደርሰው። ስለዚህ ዋናው ነጥብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን። የቤተሰብ ጠብ፣ የልጅነት ታሪክ፣ ወንድሞችዎ ያደረሱብዎት በደል ይቆይ። የአክስቴ አቤቱታ ዋና ክፍል በግርድፉ እንዲህ ይል ነበር፦

"እኔ ይግባኝ ባይ ለጠበቃው በቀን … በቁጥር … የሰጠሁት ውክልና ክስ እንዲያቀርብ፣ እንዲከራከርና ይግባኝ እንዲጠይቅ ብቻ ነው። የመታረቅ ሥልጣን አልሰጠሁም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት መታረቅ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስምምነቱን አልፈረምኩም፣ ካወቅኩም በኋላ አላጸደቅኩም፤ የተከፈለውን ገንዘብ ሳልጠቀም በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ። የሥር ፍርድ ቤት ውክልናው ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ እያለ ሥልጣኑን ሳያጣራ ስምምነቱን ማጽደቁ የሕግ ስህተት ነው። ስለሆነም ትዕዛዙ ተሽሮ ክርክሩ ከቆመበት እንዲቀጥል እንዲወሰንልኝ እጠይቃለሁ።"

ከዚህ በኋላ ቀናቱን በቅደም ተከተል ይዘርዝሩ። መቼ ውክልና ሰጡ፣ መቼ ጸደቀ፣ መቼና እንዴት አወቁ፣ ባወቁ በስንተኛው ቀን ተቃወሙ። እያንዳንዱ ቀን ሥር ማስረጃ ይኑር።

9. ከአገር ውጪ ላላችሁ

ከዋሽንግተንም ሆነ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይም ሆነ ከቤይሩት፣ ብዙ ወገን የቤቱንና የውርሱን ጉዳይ ለዘመድ ውክልና ሰጥቶ ነው የሚኖረው። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የሚሰጠው ውክልና ሰፊ ይሆናል፤ "ድጋሚ እንዳልመላለስ" ተብሎ ሁሉም ሥልጣን ይጨመርበታል። ይገባኛል፤ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የዚያ ወረቀት ቅጂ በእጃችሁ አለ? ከሌለ ዛሬ ፈልጉት።

ውክልናውን ለመሻር አገር ቤት መምጣት የለባችሁም። እዚያው ኤምባሲ መሻር ትችላላችሁ። ከዚያ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው የይግባኝ ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ቀን አድርጉ፤ የድሮውን መሻሪያና ለአዲሱ ጠበቃ የሚሰጠውን አዲስ ውክልና በአንድ ቀጠሮ ጨርሳችሁ በፈጣን መልእክት ላኩ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የመግቢያና መውጫ ማህተምም ማስረጃ ነው። "ችሎት ቀርባ ተስማምታለች" ከተባለባችሁና በዚያ ቀን አገር ውስጥ ካልነበራችሁ ክርክሩን በአንድ ገጽ ይጨርሰዋል።

10. ጠበቃው ላይስ?

እርቁን ማፍረስና ጠበቃውን መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመታረቅ ሥልጣኑ ካለውና ሌላው ወገን ንጹሕ ከሆነ እርቁ ሊጸና ይችላል። ያኔ የሚቀረው ጠበቃው ላይ ነው። ሕጉ ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን፣ እንደ ጥሩ የቤተሰብ አባት እንዲጠነቀቅ፣ የሠራውንም እንዲያስረዳ ያስገድደዋል። ይህን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ካሣ ይጠየቃል። ጉዳቱን በብር ማስላት የእርስዎ ሸክም ነው፤ የንብረት ግምት ያሠሩ።

የዲሲፕሊን አቤቱታም አለ። የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድና ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይገዛዋል፤ በክልል ፈቃድ ያለው ከሆነ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ዘንድ ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የዲሲፕሊን ውሳኔ ጠበቃውን ይቀጣል እንጂ እርቁን አያፈርስም፣ የይግባኝ ቀንንም አያቆምም። እኛ ሁለት ሳምንት ያጠፋነው ይህን ባለማወቅ ነው። መጀመሪያ ይግባኙ፤ ከዚያ አቤቱታው።

11. ቢፈርስስ?

እርቁ ሲፈርስ ክርክሩን አሸነፉ ማለት አይደለም። ወደነበረበት ተመለሰ ማለት ነው። የተቀበሉትን ይመልሳሉ፣ ሌላውም የወሰደውን ይመልሳል፣ ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት አዲሱን ጠበቃ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ "እርቁ ባይኖር ዋናውን ጉዳይ እናሸንፋለን?" መልሱ "አይመስለኝም" ከሆነ፣ ተቃራኒውን ወገን ጠርቶ እርቁን በተሻለ ውል መቀየር ብልህነት ነው። ሌላው ወገንም ለዓመታት መንገላታት አይፈልግም።

የአክስቴ ትዕዛዝ ተሻረ። መዝገቡ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ ክርክሩ ቀጠለ። አዲስ ጠበቃ ስትይዝ ውልና ማስረጃ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ የተለመደውን ቅጽ አውጥታ መተየብ ስትጀምር አክስቴ አስቆመቻት። እንዲከራከር የሚለው ይቆይ፣ እንዲታረቅ የሚለው ይውጣ አለች። በቦታውም ይህን አስጻፈች፦ "እኔ ራሴ በፊርማዬ በጽሑፍ ካልፈቀድኩ በቀር በዚህ ጉዳይ መታረቅም ሆነ ክስ ማንሳት አይችልም።" ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ወረፋው ከኋላችን እየጮኸ፣ ከመፈረሟ በፊት ከላይ እስከ ታች አነበበችው።